የራስ እግር ያበቀለው ቧንቧ

የእንጅባራ ቀርቀሃ ሠሪዎች ያውቁታል፤ ቀርቀሃ ከውጭ ሲታይ ወጥ ቱቦ ይምሰል እንጂ ውስጡ በየአንጓው የተዘጋ ነው። ውሃ ይለፍበት ከተባለ አንጓው መበሳት አለበት። የእግራችን ደም መልስም አንጓ አለው። የእሱ አንጓ ግን ስስ በር ነው፤ ወደ ልብ ለሚወጣ ደም ይከፈታል፣ ደሙ ወደ ታች ልመለስ ሲል ይዘጋል። ሊቆረጥ የደረሰን እግር ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ይኸው ባለ አንጓ ቧንቧ ነው።

በስኳር በሽታ፣ በሲጋራ ወይም በዕድሜ ምክንያት ወደ እግር ደም የሚያወርደው ደም ቅዳ ይጠባል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። ውሎ አድሮ ሌሊት ጣቶቹን ይጠዘጥዘዋል፣ እግሩን ከአልጋ ቁልቁል ሲያንጠለጥለው ይሻለዋል። ከዚያ አልድን ያለ ቁስል ይመጣል፣ ከዚያም ጣቱ ይጠቁራል። ሐኪሙ የተዘጋውን ቦታ የሚዘል አዲስ መስመር ይዘረጋል፤ ባይፓስ የሚባለው ይህ ነው። መስመሩ በምን ይዘርጋ?

ፋብሪካ የሚሠራቸው ቱቦዎች አሉ። ዳክሮን ለሆድ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ተስማሚ ነው። በማያስይዝ መጥበሻ ላይ ከምናውቀው ቴፍሎን የሚሠራው ደግሞ ከጉልበት በላይ ደኅና ያገለግላል። ከጉልበት በታች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቧንቧዎቹ ይቀጥናሉ፣ ደሙ ይዘገያል፣ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ቱቦውም ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከጉልበት በታች ወዳሉት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች የተዘረጉትን መስመሮች አወዳድሮ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ በራስ ደም መልስ ከተሠሩት 49 በመቶ ያህሉ ክፍት ነበሩ፤ በቴፍሎን ከተሠሩት ግን 12 በመቶ ብቻ። በዚያ ላይ የተመረዘ ቁስል ባለበት እግር ጀርም ከሰው ሠራሽ ቱቦ ላይ ከተጣበቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ሕይወት ያለው ደም መልስ ውስጡ ደም እንዳይረጋ ራሱ ይከላከላል። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣው ዕቃ በሽተኛው ቆዳው ሥር ይዞት ከመጣው ማነሱ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

የሚወሰደው ሳፊነስ የሚባለው ደም መልስ ነው፤ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ይዘልቃል። ቢወጣም አብዛኛውን ደም የሚመልሱት በጥልቀት ያሉት ደም ሥሮች ስለሆኑ እግሩ ብዙም አይጎዳም። ሐኪሙ ቀድሞ በአልትራሳውንድ ይለካዋል፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ይመረጣል። ከወጣ በኋላ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ በክር ይታሰራሉ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ፈሳሽ በቀስታ ሲሞላ የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ይታያል። ከዚያ ይገለበጣል፤ የታች ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል፣ በሮቹም ቁልቁል ለሚወርደው ደም ይከፈታሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ላይ የጀመረው ዣን ኩንሊን የተባለ ሐኪም ነው። ሌላው መንገድ ሥሩን ከቦታው ሳያነሡ በሮቹን በትንሽ ስለት መሰንጠቅ ነው፤ ልክ እንደ ቀርቀሃው አንጓ።

ሥሩ ከቀጠነ ወይም በቫሪኮስ ከተበላሸ ሌላኛው እግር፣ ቀጥሎም ክንድ ይፈተሻል። ቴፍሎን የመጨረሻው ምርጫ ነው። ስለዚህ ነርሶችን አደራ የምለው የስኳር በሽተኛ ቁርጭምጭሚት ላይ ያለችውን ሥር ያለ ጭንቅ ምክንያት በመርፌ አትንኳት።

ይህ ሥር የሚያስፈልገው ለበሽታ ብቻ አይደለም፤ ለአደጋም ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ከፈረስ መውደቅ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ጉልበት ሲወልቅ ከበስተኋላው ያለው ደም ቅዳ ሊበጠስ ይችላል። እግር ያለ ደም የሚታገሠው 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከእንጅባራ ትልልቅ ሆስፒታሎች እስካሉበት ባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግሩ ከቀዘቀዘና ከገረጣ ወጌሻ ይየው ተብሎ አይታደርም። በቶሎ ከደረሰ ሐኪሙ ሥሩን ከደኅናው እግር ወስዶ ይቀጥልለታል። መቆንጠጫው ሲለቀቅ የገረጣው ሥር ሞልቶ ይነፋል፤ ሐኪሙም ጣቱን ከእግሩ ጀርባ ላይ አሳርፎ ትርታውን ይጠብቃል።