ከብራስልስ እስከ ሹዌክ

ሹዌክ፣ በሳባህ የሕክምና አካባቢ፣ የኩዌት የካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገኛል። የአገሪቱ የካንሰር መዝገብ አሃዞቹን ኩዌታዊና የውጭ ዜጋ ብሎ ለይቶ ያወጣል፤ ከነዋሪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ሳይለዩ መቁጠር ብዙም ትርጉም አይሰጥም። ይህ መዝገብ ማን የትኛውን አካሉን እንደታመመ ይናገራል። የታመመው ሴል በገጹ ላይ ምን ምልክት እንደያዘ ለማወቅ ግን ሌላ ዓይነት መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ የዕጢ አንቲጂን የመረጃ ቋት ይባላል።

ሴል በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች ይቆራርጥና ቁርጥራጮቹን፣ ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ የሚሆኑትን፣ ኤችኤልኤ በሚባሉ ሞለኪውሎች አስይዞ ወደ ውጭ ያወጣቸዋል። ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል እህል እንደሚለቅም ሰው እያየ ያልፋል፤ ጠጠሩን ካገኘ ሴሉን ይገድለዋል። የካንሰር ክትባት ጠጠሩን ለቲ ሴሎች የሚያሳይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞከረውም እንደ ኩፍኝ ክትባት በጤነኛ ሳይሆን በታመመ ሰው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ቲየሪ ቡንና ባልደረቦቹ ብራስልስ ውስጥ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሕመምተኛ ቲ ሴሎች ለይተው የሚያውቁትን ምልክት የሚሠራውን የመጀመሪያውን ጂን አገኙ፤ ሜጅ-1 አሉት። ግኝቱ እየበዛ ሲሄድ እዚያው ብራስልስ የቁርጥራጮቹ ቋት ተከፈተ፤ ቦስተን ውስጥ ታንቲጅን የተሰኘው ተከተለ። በእያንዳንዱ ረድፍ የፕሮቲኑ ስም፣ የቁራጩ ቅንብርና ቁራጩን የሚሸከመው የኤችኤልኤ ዓይነት ተጽፏል።

ነገሩ ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። ኤችኤልኤ ከሰው ሰው ይለያያል። የሜጅ-1 የመጀመሪያው ቁራጭ ኤችኤልኤ-ኤ1 ለሌለው ሰው አይሠራም። በብዛት የተጠናው ኤ2 ነው፤ አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ስለሆነ።

ቋት ውስጥ መግባት መድኃኒት መሆን አይደለም። የሜጅ-1 ዘመድ በሆነው በሜጅ-ኤ3 የተሠራው ክትባት ከ2,000 በላይ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2014 ውጤት አጥቶ ቆመ። ሞደርናና መርክ የሚሞክሩት አዲሱ ክትባት ደግሞ ለየሕመምተኛው ከራሱ ዕጢ እስከ 34 ምልክት መርጦ ይሠራል። ታዲያ ቋቱ አበቃለት? አላበቃለትም፤ ምልክቱን የሚመርጠው ሶፍትዌር የሚማረው ከእነዚሁና ከመሰሎቻቸው ቋቶች ነው። የቋቱ ክፍተት ወደ ሶፍትዌሩ ይወርዳል።

ክፍተቱን ለመሙላት የየሕዝቡን የዘር መረጃ ማጥናት ያስፈልጋል። ኩዌት ከተማ ዳር፣ በዳስማን የስኳር ሕመም ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት ኩዌታውያን በዘር መረጃ ሦስት ንዑስ ቡድን እንደሚሆኑ አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በፈቃደኝነት ደም መስጠትን ይጠይቃል። በ2015 ግን አንድ መስጊድ በቦምብ ከተመታ በኋላ ዜጋም ነዋሪም ጎብኚም የዲኤንኤ ናሙና እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ በ2017 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሻረው። ፍርዱ ለእኔ ትክክል ነበር፦ ፖሊስ በግድ የሚሰበስበው ደም ሐኪም በፈቃድ የሚጠይቀውን ያስፈራዋል።

በኩዌት፣ በፈርዋኒያና በሳልሚያ ቤቶች የሚሠሩት ኢትዮጵያውያት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት አሉ? የአማራና የኦሮሞ ሰዎች የኤችኤልኤ ጥናት በ1998 ታትሟል፤ የመረመረው ግን ከኤችኤልኤ ሁለት ዋና ክፍሎች ሁለተኛውን ነው። ካንሰር ገዳዮቹ ቲ ሴሎች በዋናነት የሚያነቡት አንደኛውን ነው።