ውሻው ጭራውን ሲያኝክ ምን እናድርግ?

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን በውላችን ላይ ያልተጻፈ ሥራ አለን፤ ውሻ መጠበቅ። አገራችን ውሻ ደጅ ያድራል፤ እዚህ ግን ሶፋ ላይ ይተኛል፤ አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የምትጠየቀው ሠራተኛዋ ናት። ጭራው ቆስሎ ሲታይ «መትተሽው ነው» የምትባል እህት አለች። ስለዚህ ቤሩት ውስጥ ውሻ ያለበት ቤት ስሠራ ያየሁትን፣ ከእንስሳት ሐኪምም የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

ውሻ አልፎ አልፎ ጭራውን ቢልስ ችግር የለውም። ደጋግሞ ሲነክሰው፣ ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ሲቆስል ግን ምክንያት አለው። ወይ የሚያሳክከው ወይም የሚያመው ነገር አለ፤ ወይ ደግሞ ተጨንቋል። አንዳንዴም ሁለቱም ይሆናል።

መጀመሪያ ቁንጫ ፈልጉ፤ በአረብኛ «በርጉት» ይሉታል። ጭራው ሥርና ወገቡ ላይ ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩ። የቁንጫ ምራቅ የማይስማማው ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ያሳብደዋል። ጥቁር ፍርፋሪ ካገኛችሁ በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት፤ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የሚቀላው ከውሻው የመጠጠው ደም ስላለበት ነው። እንቁላሉ ምንጣፍ ላይ ስለሚረግፍ ውሻውን ብቻ ማከም አይበቃም። መኝታውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ምንጣፉንና የሶፋውን ሥር ለብዙ ሳምንታት እየደጋገማችሁ በማሽን ጥረጉ።

ቁንጫ ከሌለ ምግብ አልተስማማው፣ ወይም ቁስል ይኖረው ይሆናል። ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ፊንጢጣው ዳር ያሉት ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ሞልተው ይሆናል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ሐኪም አይቶት ጤነኛ ነው ከተባለ፣ ነገሩ ብቸኝነትና መሰላቸት ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ የሚዘጋበት ውሻ ጭንቀቱን በጭራው ይወጣል፤ ውሎ አድሮም ልማድ ይሆንበታል። አትጩኹበት፣ አትምቱት፤ ጭንቀቱ ይብሳል። ሊጀምር ሲል በስሙ ጥሩት፤ ኳስ ወይም የሚያኝከው መጫወቻ ስጡት፤ ሲተወው አመስግኑት። በበጋ አስፋልቱ እግሩን ስለሚያቃጥለው በማለዳና በምሽት አውጡት።

የሰው መድኃኒት በፍጹም አትስጡት፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ሊገድሉት ይችላሉ። ቁስሉ ላይ በረኪናም ሆነ ጋዝ አታፍስሱ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ደግሞ የውሻ የቁንጫ መድኃኒት እንዳይነካት ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ለድመት መርዝ ነው።

የሚያመውን ጭራ በድንገት አትያዙ፤ የዋህ ውሻም ይናከሳል። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀንም ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ጠይቁ። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትደብቁ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል።

በመጨረሻም፣ ማኘክ መጀመሩን እንዳያችሁ ሳይቆስል ለማዳም ንገሩ። የጀመረበትን ቀን ጻፉ፤ በስልካችሁም ቀርጻችሁ አሳዩ። ለሐኪሙም ይጠቅመዋል፤ እናንተንም ያላጠፋችሁት ጥፋት እንዳይጫንባችሁ ይጠብቃችኋል። ለፍጥረት መራራት በእግዚአብሔር ዘንድ ዋጋ አለው፤ ራሳችሁን መጠበቃችሁም እንዲሁ።