ኮንትራባስን በባስ ጊታር ማጉያ ስለ ማሰማት

መግቢያ

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ አንድ ነገር ደረሰብን። በቡድናችን ውስጥ አንድ ኮንትራባስ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ በከበሮውና በጡሩምባዎቹ ድምፅ እየተዋጠ አልሰማ ስላለ፥ በበርኩማው ላይ ፒካፕ አድርገን ለባስ ጊታር ከተሠራ ማጉያ ጋራ አገናኘነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ዜማ ሳይፈጽም መሣሪያው ራሱ በራሱ ማጓራት ጀመረ። ሲቀንሱት አይሰማም፤ ከፍ ሲያደርጉት ያጓራል። በመጨረሻ ማጉያው ተዘጋና ተጫዋቹ ምሽቱን ሁሉ ማንም ሳይሰማው ተጫውቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ፍርድ አጭር ነበር፤ ይኸውም «ኮንትራባስ ለአዳራሽ አይሆንም፤ ባስ ጊታር ይገዛ» የሚል ነው። ብዙ ዓመት ደክሞ ኮንትራባስ ለተማረ ሰው ይህ ፍርድ ቀላል አይደለም፤ ሙያህን ተው እንደ ማለት ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍርዱ ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ጥፋቱ በመሣሪያውም ሆነ በማጉያው አልነበረም፤ ሁለቱ በሚገናኙባቸው ሥፍራዎች ነበር። እነዚህም ሥፍራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ፒካፑ ከማጉያው መግቢያ ጋራ የሚገናኝበት ነው። ሁለተኛው፥ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የመሣሪያውን ሣጥን የሚያገኝበት ነው። እያንዳንዱን በየተራው እንመለከታለን።

የሁለቱ መሣሪያዎች አንድነትና ልዩነት

ኮንትራባስና ባስ ጊታር በተለመደው ቅኝታቸው አንድ ናቸው። አራቱ አውታሮቻቸው ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ተብለው ሲቃኙ፥ በሴኮንድ 41.2፥ 55፥ 73.4 እና 98 ጊዜ ይርገበገባሉ። (በሴኮንድ የሚደረገው የንዝረት ቍጥር ኸርዝ ይባላል።) ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ማጉያ ለሌላው ይበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ በቅኝት ብቻ ከተመለከትነውም እውነት ነው።

ልዩነቱ ያለው በአካላቸው ነው። የተለመደው ባስ ጊታር አካሉ ድፍን እንጨት ነው፤ በውስጡ ያለው ፒካፕ ማግኔት ስለ ሆነ የብረቱን አውታር ንዝረት ብቻ ያደምጣል። ኮንትራባስ ግን ባዶ ሣጥን ነው። አውታሩ በደጋን ወይም በጣት ሲነካ ንዝረቱ በበርኩማው በኩል ወደ ፊተኛው ሳንቃ ይወርዳል፤ ሳንቃውም በሣጥኑ ውስጥ ካለው አየር ጋራ ሆኖ ይናገራል። በገና የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የበገናም አውታሮች ድምፃቸውን የሚያገኙት በበርኩማው በኩል በገበቴው ላይ የተወጠረውን ቆዳ በማርገብገብ ነውና። እንግዲህ ኮንትራባስን ማጉላት ማለት አውታሩን ብቻ ሳይሆን፥ ይህን ሁሉ የሚርገበገብ አካል ከማጉያ ጋራ ማገናኘት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ማስታወስ ይገባል። ዛሬ የባስ ጊታር ዕቃ የምንለው መሣሪያ መነሻው በከፊል ከኮንትራባስ ነው። ኤቨሬት ኸል የተባለ አሜሪካዊ የባስ ተጫዋች፥ ኮንትራባስ በወለል ላይ በሚቆምበት እግር ላይ ማይክሮፎን አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ በማስገባት ድምፁን የሚያጎላ ዘዴ አወጣ፤ ለዚህም በ1946 እ.ኤ.አ. ከአንድ ባልንጀራው ጋራ ድርጅት አቋቋመ። አምፔግ የሚለው ታዋቂ ስም የመጣው ከዚሁ ድምፁ ከጎላ የመሣሪያ እግር ነው። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ባስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ለገበያ ያቀረበው በ1951፥ ለእርሱ የተሠራውን ባስማን የተባለ ማጉያም በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «ማጉያ ለኮንትራባስ አይሆንም» የሚለው ቃል ከታሪኩም ጋራ አይስማማም።

የመጀመሪያው መገናኛ፤ ፒካፑና የማጉያው መግቢያ

በኮንትራባስ በርኩማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ፒካፕ ፒዬዞ የሚባለው ዐይነት ነው። ዣክ ኩሪና ወንድሙ ፒዬር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፥ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ይታያል። በርኩማው ሲርገበገብ ፒካፑን ይጫነዋል፥ ይለቀዋልም፤ በዚህም የአውታሩ ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል።

ነገር ግን ፒዬዞ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ነገሩን ታችዋ በተሸነቆረች ጣሳ ልንመስለው እንችላለን። ውሃው ቶሎ ቶሎ እየተጨመረ ቶሎ ቶሎ ቢቀዳ የሚፈሰው ጥቂት ነው፤ በዝግታ ቢሆን ግን ከመቀዳቱ በፊት አብዛኛው ይፈሳል። የማጉያው መግቢያ እንደዚያ ሽንቁር ነው። ቀጭኑ ድምፅ ፈጣን ንዝረት ስለ ሆነ ያመልጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ዝግተኛ ስለ ሆነ ይባክናል። የሽንቁሩ ጥበት በኦም ይለካል፤ ኦሙ በበዛ መጠን ሽንቁሩ ጠባብ ነው።

በቍጥር እናስረዳ። የፒካፑ ካፓሲታንስ 1 ናኖ ፋራድ፥ የማጉያው መግቢያ ሬዚስታንስ ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ነው እንበል። ድምፁ መጕደል የሚጀምርበት ወሰን፥ 1ን ለ2π፥ ለሬዚስታንሱና ለካፓሲታንሱ ብዜት በማካፈል ይገኛል፤ ይኸውም 159 ኸርዝ ያህል ነው። አራቱም ልቅ አውታሮች ከዚህ ወሰን በታች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በዚሁ ስሌት መሠረት ከሶል አውታር ኃይለ ግፊት ወደ ማጉያው የሚደርሰው ግማሽ ያህሉ፥ ከሚ አውታር ደግሞ ሩቡ ብቻ ነው። መግቢያው 10 ሜጋ ኦም ቢሆን ግን ወሰኑ ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል፤ ከሚ አውታርም ከመቶ 93 እጅ ያህል ይደርሳል።

ለባስ ጊታር ማግኔት ፒካፕ 1 ሜጋ ኦም ከበቂ በላይ ነው። ማጉያውን የሠራው ሰው አልተሳሳተም ማለት ነው፤ የታሰበለት መሣሪያ ሌላ ስለ ነበር ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ በፒካፑና በማጉያው መካከል 10 ሜጋ ኦም ያህል መግቢያ ያለው ትንሽ ፕሪአምፕሊፋየር ማግባት ነው። ይህም ሣጥን ከመሣሪያው አጠገብ ሊሆን ይገባል፤ ረዥም ሽቦ የፒካፑን ጥቂት ኃይል ተካፍሎ ያደክመዋልና።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር ከሁሉ የከፋው ነገር ተጫዋቹ የሚወስደው እርምጃ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንደ ጐደለ ሲሰማ የማጉያውን የባስ ቍልፍ እስከ መጨረሻው ያዞራል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ በዚህም ሳናውቅ ለሁለተኛው ጥፋት በር ከፈትን።

ሁለተኛው መገናኛ፤ ስፒከሩና ሣጥኑ

ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በአየር ተጕዞ የኮንትራባሱን ሳንቃ ይመታዋል፤ ሳንቃው በርኩማውን፥ በርኩማው ፒካፑን ያናውጣል፤ ፒካፑም ወደ ማጉያው መልሶ ይልካል። ዞሮ የመጣው ድምፅ መጀመሪያ ከነበረው ካነሰ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነና ምቱ ከፊተኛው ምት ጋራ ከገጠመ ግን ያለማቋረጥ ያድጋል። ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ በትክክለኛው ጊዜ ከገፋ በጥቂት ኃይል ከፍ እንደሚያደርገው ያለ ነው።

ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ጊዜ እንዳለው ሁሉ የኮንትራባስ ሣጥንም አለው። በብዙ ኮንትራባሶች በውስጡ ያለው አየር በ60 ኸርዝ አካባቢ፥ ፊተኛው ሳንቃ ደግሞ በ100 ኸርዝ አካባቢ በቀላሉ ይናወጣል። ልቅ የሶል አውታር 98 ኸርዝ መሆኑን ስናስታውስ፥ ጓጕርታው ስለ ምን በዚያ አካባቢ እንደሚበረታ ግልጽ ይሆናል።

ይህን ለመከላከል የሚከተሉት መንገዶች አሉ።

አንደኛ፥ የማይጠቅመውን ዝቅተኛ ንዝረት መቍረጥ ነው። ከ41 ኸርዝ በታች በተለመደው ቅኝት የዜማ ድምፅ የለም፤ ያለው የእግር ዱካ፥ የመድረክ መንቀጥቀጥና የእጅ መታከክ ነው። ከ35 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን የሚቈርጥ ማጣሪያ ቢገባ ማጉያውና ስፒከሩ ከከንቱ ሥራ ያርፋሉ።

ሁለተኛ፥ የስፒከሩን ሥፍራ መለወጥ ነው። ወፍራም ድምፅ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ ስፒከሩን ዘወር ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ከግድግዳና ከማዕዘን ማራቅ፥ ከመሣሪያውም ማራቅ፥ ከወለሉም ከፍ ማድረግ ይረዳል። ግድግዳውና ወለሉ ወፍራሙን ድምፅ ያበረቱታልና።

ሦስተኛ፥ የምቱን ግጥሚያ ማፍረስ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የ98 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3.5 ሜትር ነው። ስለዚህ በስፒከሩና በመሣሪያው መካከል ያለው ርቀት በ1.75 ሜትር ቢለወጥ ገፊው ምት ወደ ጐታችነት ይለወጣል። በአንዳንድ ፕሪአምፕሊፋየሮች ላይ ያለው የፖላሪቲ ቍልፍም ስፒከሩ ሳይነሣ ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን በአንድ ድምፅ ላይ የረዳው በሌላው ላይ ሊጐዳ ስለሚችል፥ ሁለቱንም አቅጣጫ ሞክሮ የተሻለውን መምረጥ ነው።

አራተኛ፥ ከዚህ በኋላ የቀረ ጓጕርታ ቢኖር፥ የሚያጓራውን አንድ ድምፅ ፈልጎ በዚያ ሥፍራ ብቻ በጠባብ ማጣሪያ መቀነስ ነው። ይህ ወደ መጨረሻ የመጣበት ምክንያት አለው። ማጣሪያው የሚቈርጠው ከዜማው አካል ስለ ሆነ፥ ሌላው ሳይሞከር በእርሱ መጀመር ጤናማውን ሥጋ ከቍስሉ ጋራ እንደ መቍረጥ ይቈጠራል።

ስለ ድምፁ መልክ

ጓጕርታው ቢወገድም በፒዬዞ የመጣው ድምፅ ሰው በቅርብ ሆኖ ከሚሰማው የኮንትራባስ ድምፅ ጋራ አንድ አይደለም። ጆሯችን የለመደው ከሣጥኑ ሁለንተና የሚወጣውን ነው፤ ፒካፑ የሚያደምጠው ግን በርኩማውን ብቻ ነው። ስለዚህ የአውታሩ አነካክ ደረቅና ሹል ሆኖ ይሰማል። ማጉያው ለቀጭን ድምፅ የተለየ ትንሽ ስፒከር ካለው እርሱን መቀነስ ይበጃል። በጸጥተኛ አዳራሽ ደግሞ ለሕዝቡ ማይክሮፎን፥ ለመድረኩ ፒካፑን መጠቀም ይቻላል። ማይክሮፎን የሣጥኑን ድምፅ ያመጣል፤ ነገር ግን የጎረቤት መሣሪያዎችንም ስለሚሰማ በከበሮ አጠገብ አያዋጣም።

መደምደሚያ

ከዚያ ምሽት በኋላ በልምምድ ጊዜ እነዚህን ነገሮች በተራ ሞክረናቸዋል። በመጀመሪያ ባለ ከፍተኛ መግቢያ ፕሪአምፕሊፋየር ተውሰን አገባን፤ የሚ አውታር ወዲያው ስለ ተሰማ የባሱን ቍልፍ ወደ መካከል መለስነው። ቀጥለን ዝቅተኛውን ንዝረት ቈረጥን፥ ማጉያውንም ከማዕዘኑ አውጥተን በጠረጴዛ ላይ አኖርነው። በመጨረሻ ፖላሪቲውን ለወጥን። ያው ማጉያና ያው ኮንትራባስ ከከበሮው ጋራ እኩል ተሰሙ።

ከዚህ ላይ ወሰኑን መናገር ተገቢ ነው። ባዶ ሣጥን ያለው መሣሪያ እንደ ድፍኑ ባስ ጊታር ያለ ልክ ሊጎላ አይችልም፤ ቡድኑ ሁሉ እየጮኸ ከሄደ አንድ ቀን ወሰኑ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት ኮንትራባሱ ብቻ ሳይሆን የቡድኑ ጩኸትም ነው። ደግሞም በበርኩማና በገበቴ የሚናገሩትን የአገራችንን መሣሪያዎች፥ ክራርንና በገናን፥ በፒዬዞ ፒካፕ ለማጉላት የሚሞክር ሰው እነዚህኑ ሁለት መገናኛዎች ያገኛል። ስለዚህ መሣሪያ ባጓራ ጊዜ፥ ተጫዋቹን ከመድረክ ከማውረድ በፊት፥ መጀመሪያ መግቢያውን፥ ቀጥሎም የስፒከሩን ሥፍራ መመርመር ይገባል እንላለን።