ከሞት ደጃፍ ስለ ተመለሱ ምስክሮች

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር በአንድ የለቅሶ ድንኳን ተቀምጠን ሳለን የተነሣ ጥያቄ ይህን እንድጽፍ ምክንያት ሆነኝ። ሟቹ በምድር ባቡር ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሐኪም ቤትም ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቃልም ሳይናገሩ ተኝተው ዐረፉ። ሴት ልጃቸው ከአዲስ አበባ ገሥግሣ ስትደርስ ትንፋሻቸው ገና ነበርና፥ ስለ አንድ የቆየ ቅያሜ በጆሮአቸው ይቅርታ እየለመነች ሌሊቱን አነጋች። በሠልስቱ ዕለት ወደ ተቀመጥንበት ቀርባ «አባቶቼ፥ እናንተ ብዙ ታውቃላችሁና ንገሩኝ፤ አባባ ሰምተውኝ ይሆን? ዛሬስ ይሰሙኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀችን።

መልሱ እንደ ተቀማጩ ልዩ ልዩ ሆነ። አንድ ቄስ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው፥ አርባና ተዝካርም የሚወጣው ነፍስ ሕያዊት ስለ ሆነች መሆኑን አስረዱ። ከመጋላ የመጡ አንድ እስላም ጎረቤት በበኩላቸው «እኛስ በሚያጣጥር ሰው አጠገብ ሸሃዳ የምናሰማው ይሰማል ብለን አይደለምን?» አሉ። አንድ ጎልማሳ ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፥ ሞቶ ተነሣ ስለ ተባለ ሰው የሚናገር ታሪክ እያሳየ «ይህ እኮ ዛሬ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ያለቀ ነገር ነው» አለ። እኔ ጸሐፊው በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬአለሁና፥ ያለቀ ነገር ነው ሲባል መዝገቡን ሳላይ ማመን አልለመድሁም። ስለዚህ ያገኘሁትን መርምሬ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች አቀርባለሁ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በገድለ ላሊበላ እንደ ተጻፈው፥ ቅዱሱ ገና ሳይነግሥ መርዝ ጠጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሙት ተኝቶ ሳለ፥ ወደ ሰማይ ተነጥቆ ኋላ የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አየ። ልፋፈ ጽድቅም ከሙት ጋራ እንዲቀበር የሚጻፍ መጽሐፍ ነው፤ እንግሊዛዊው ዎሊስ በጅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1929 ተርጕሞ ባሳተመው ጊዜ፥ የኢትዮጵያ የሙታን መጽሐፍ ብሎ ለአውሮጳ አስተዋወቀው። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው ሐተታ ደግሞ፥ በዚህ ዓለም ፍርድ ሳይፈጸም እየቀረ ስለምናይ፥ ፍርድ የሚፈጸምበት ሌላ ሕይወት ሊኖር ግድ ነው ይላል። የሐተታው ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ ራሱ ግን ለዳኝነት ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ሁለቱ የእምነት፥ ሦስተኛው የአእምሮ ክርክር ናቸው እንጂ በሚዛን የተመረመሩ አይደሉም።

በሚዛን የመረመረም ሰው አልታጣም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ዱንካን ማክዱጋል የሚባል ሐኪም፥ የሚያጣጥሩ ስድስት ሕሙማንን ከነአልጋቸው በሚዛን ላይ አኑሮ፥ ነፍስ ስትወጣ ምን ያህል እንደሚጎድል መዘነ፤ ውጤቱንም በ1907 አሳተመ። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከመጀመሪያው ሰው 21 ግራም ያህል ጎደለ ስላለ፥ ቍጥሩ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ይነገራል። የቀሩት ግን ከዚያ ጋራ አልተስማሙለትም፤ ሁለቱንም ራሱ ከቍጥር አወጣቸው። ከስድስት ምስክሮች የአንዱን ቃል ብቻ ይዞ የሚፈርድ ዳኛ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።

ከዚያም የሚብስ ነበረ። በ1848 በኒው ዮርክ ግዛት ፎክስ የሚባሉ እኅትማማች ልጃገረዶች የሙታን መናፍስት በግድግዳ እያንኳኩ ያነጋግሩናል አሉ፤ ብዙ ሕዝብም፥ ይልቁንም ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ተከተሏቸው። በ1888 ከእኅትማማቾቹ አንዲቱ ማርጋሬት በሕዝብ ፊት ቆማ፥ ድምፁን የምታሰማው የእግሯን ጣት አንጓ በማንቋቋት መሆኑን ተናዘዘች። እንዲህ ያለውን ከእውነተኛው ለመለየት ሲሉ የተማሩ ሰዎች በ1882 በሎንዶን የምርመራ ማኅበር አቋቁመው ነበር።

ሐኪሞች የቆመ ልብ በኤሌክትሪክ ኃይልና ደረትን በመጫን መልሰው ማስነሣት ከቻሉ ወዲህ ግን ምርመራው ሌላ መልክ ያዘ፤ ከሞት ደጃፍ ደርሶ የሚመለስ ሰው በዛና። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሙዲ በ1975 የእነዚህን ሰዎች ቃል ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። በሆላንድ የልብ ሐኪም የሆነው ፒም ቫን ሎሜል ከባልንጀሮቹ ጋራ በ10 ሐኪም ቤቶች ልባቸው ቆሞ የተመለሱ 344 ሕሙማንን ጠይቆ፥ 62ቱ አንዳች ነገር እንዳዩ ወይም እንደ ተሰማቸው መናገራቸውን በ2001 አስታወቀ። ብርሃን አየሁ፥ የሞቱ ዘመዶቼን አገኘሁ፥ ከሥጋዬ ወጥቼ ራሴን ከላይ ተመለከትሁ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ሐሰተኞች ናቸው የሚል የለም።

ነገር ግን በእኛ ሥራ ምስክር ሲቀርብ አስቀድሞ «የት ቆመህ፥ በስንት ሰዓት አየህ?» ይባላል። የሰዓቱ ጥያቄ እጅግ ከባድ ነው፤ ያዩትን ያዩት ልባቸው ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ሊቆም ሲል፥ ወይስ ሲነቁ? ሕመምተኛው ራሱ ሊለየው አይችልም። የሥፍራውን ጥያቄ ግን ሳም ፓርኒያ የሚባል ሐኪም በብልሃት ሊፈትነው ተነሣ። ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል ከጣራ አጠገብ መደርደሪያ አሠርቶ፥ ከላይ ሆኖ ካልታየ በቀር የማይታይ ሥዕል አኖረበት። ከሥጋው ወጥቶ ከላይ ያየ ሰው ሥዕሉን ይነግረናል ማለቱ ነው። በ2014 በወጣው ውጤት በ15 ሐኪም ቤቶች 2,060 ሰዎች ልባቸው ቆሞ ነበር፤ ከተረፉት 140ው ተጠየቁ። ሁለቱ በዙሪያቸው የተደረገውን አየንና ሰማን አሉ፤ የአንደኛውም ቃል በጊዜው ከሆነው ነገር ጋራ ተገጣጠመ። ዳሩ ግን የሁለቱም ልብ የቆመው መደርደሪያ በሌለበት ክፍል ነበረ! ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ስገልጥ ምስክሩና ማስረጃው እንዲህ ሲተላለፉ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። በ2023 በወጣው ሁለተኛ ምርመራ ከ567 ሰዎች 53ቱ ተረፉ፤ 28ቱ ተጠይቀው 11ዱ የሚያስታውሱት ነገር እንዳለ ተናገሩ፤ የተሰወረውን ሥዕል ግን ማንም አላወቀውም።

በዚያው ዓመት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጂሞ ቦርጂጊን ባልደረቦች ከሚሞቱ አራት ሕሙማን በሁለቱ፥ የመተንፈሻው መሣሪያ ከተነሣላቸው በኋላ፥ የአንጎላቸው ሥራ ለጥቂት ጊዜ ሲበረታ በመሣሪያ አዩ። ከአራቱ ግን የተመለሰ ስለሌለ ያን ጊዜ ምን እንደ ታያቸው የሚነግረን አልተገኘም።

በድንኳኑ ያ ጎልማሳ ተረጋገጠ ያለውስ? ሮበርት ቢግሎው የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ሚስቱ በ2020 ከሞተችበት በኋላ፥ የሰው ልቡና ከሞት በኋላ እንደሚኖር ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ በጽሑፍ ለሚያቀርብ ሽልማት አወጣ። በ2021 አንደኛ ለወጣው ለጄፍሪ ሚሽላቭ 500,000 ዶላር ተሰጠ። በሐዘን ለተነሣ ሰው ሐሳቡ አያስነቅፍም። ነገር ግን ሽልማቱ «ይኖራል» ብሎ ለሚያስረዳ ብቻ የተዘጋጀ ነበርና፥ ተከራካሪ ወገን ሳይቀርብ የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ይግባኝ ቢባልበት አይጸናም።

ይህ ጥያቄ ለድሬዳዋ ሰው የጨዋታ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ ሬሳቸው ያልተገኘ ብዙዎች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከልደቱ እስከ ሞቱ ነው ብሎ ይጀምራል፤ የጠፋ ሰው ወሬው ሁለት ዓመት ካልተሰማም መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲነገር ባለጕዳዮቹ ማመልከት ይችላሉ። ሕጉ የንብረቱን ነገር ያቃናል። እናት ግን በወንዙ ዳር ስታልፍ ቆማ ብትናገር፥ ማንን እንደምታነጋግር የሚወስን አንቀጽ የለም።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ጥያቄዋ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበረና። የሚሞት ሰው ይሰማልን ማለት አንድ ነው፤ የሞተ ሰው ይሰማልን ማለት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ላይ በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ የተደረገ ምርመራ በ2020 ታትሟል። ሊሞቱ የተቃረቡ፥ ቢጠሯቸው የማይመልሱ ጥቂት ሕሙማን ልዩ ልዩ ድምፅ ሲሰሙ፥ በመጨረሻ ሰዓታቸው እንኳ የአንዳንዶቹ አንጎል እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ለድምፁ ሲመልስ በመሣሪያ ተመዘገበ። የተነገራቸውን ማስተዋላቸውን ግን ምርመራው አላሳየም። ያም ሆኖ ይህ ለቤተ ሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ድንኳኑ ኪራይ፥ ስለ ቤቱ ካርታና ስለ ውርሱ በአልጋው ራስጌ ሲከራከሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሕመምተኛው ዓይኑን ስለ ጨፈነ የሌለ ይመስላቸዋል።

በአርባው ቀን ሄጄ ይህንኑ ነገርኋት። «ሁለተኛው ጥያቄሽ የንስሐ አባትሽ ነው፤ እኔ የማመጣው ማስረጃ የለኝም። የመጀመሪያው ግን ይቻላል፤ ድምፅሽ ደርሷቸው ሊሆን ይችላል» አልኋት። «ይቅርታዬንስ?» አለችኝ። መዝገቡ እስከዚያ እንደማይደርስ ሳልሸሽግ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና «ስናገራቸው እጃቸውን ይዤ ነበር» አለች። በዚህ ጊዜ ከመጋላ የመጡት ጎረቤት በደጅ ብቅ ስላሉ፥ ወንበር ልታቀርብላቸው ተነሣች።