የሥራ ልብስ የሚለካው በሥራ ላይ ነው

ዓለም ባንክ ለሥራ ልብስ ሰፊ ጥሩ ሰፈር ነው። በአየር ጤናም በቤቴልም በኩል ጋራዡ፣ ብረታ ብረት ቤቱ፣ የእንጨት ሥራው፣ የሚገነባው ፎቅ አይጠፋም፤ ቱታ የሚያሰፋ ሰውም እንዲሁ። ወጣቱ በያጅ ገብቶ ገና ሰላም እንዳለኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ሰፋ አድርገው ይስፉልኝ» ይላል። ሰፋ ካለ የሚመቸው ይመስለዋል። እኔ ሜትሬን ከአንገቴ ከማውረዴ በፊት «እስቲ ልጄ፣ ስትበይድ እንዴት ነው የምትቀመጠው?» እለዋለሁ። ግራ ይገባውና ቁጢጥ ይላል፤ አንድ እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ በሌላው ማስኩን እንደያዘ ያደርጋል፣ አንገቱን ደፋ ያደርጋል። ልኬት የምጀምረው ያኔ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ለተለካ ሰው የሚወጣው ልብስ የሚያምርበት ቆሞ ሳለ ብቻ ነው።

ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ብሎ መዝግቦ መቁረጥ ለሸሚዝና ለሱሪ ይበቃል። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ለሆነው ቱታ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት ሌላ ነው፤ ሜትሩ ከትከሻ ተነስቶ በፊት ለፊት ይወርዳል፣ በእግር መሃል ያልፋል፣ በጀርባ በኩል ወደዚያው ትከሻ ይመለሳል። ይህ ዙር ሰው ሲያጎነብስ አራት ጣት ያህል ይጨምራል። ትርፍ ካልተሰጠው መካኒኩ መኪና ሥር ገብቶ ሁለት እጁን ሲያነሳ ልብሱ ከታች ሰቅዞ ይይዘዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ስፌቱ በእግር መሃል ይተረተራል። ሰዉ የሚያማርረው ጨርቁን ነው። ጨርቁ ግን ምንም አላጠፋም።

ብብት ላይ ደግሞ ሰፊዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ብብቱ ወደ ታች ወረድ ብሎ ከተቆረጠ እጅ እንደልብ ይንቀሳቀሳል ይባላል። ተቃራኒው ነው። ብብቱ በወረደ ቁጥር እጅጌው ከጎን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከክንድ ይርቃል፤ ስለዚህ እጅ ሲነሳ ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ወደ ሰውነት ቀረብ ብሎ ተቆርጦ ከሥሩ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ሲገባበት ግን አናጢው ኮርኒስ ላይ ሚስማር ሲመታ ወገቡ ላይ ያለው ጨርቅ ንቅንቅ አይልም። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም እኔ ያለዚያች ቁራጭ ቱታ አልሰፋም።

ቀጥሎ «ከሥሩ ምን ትለብሳለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት እዚህ ሰፈር ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የግንባታ ሠራተኛው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ይወጣና እኩለ ቀን ላይ ያወልቃል። በስስ ሸሚዝ የተለካ ቱታ ጠዋት ላይ ዚፑ ደረቱ ላይ አልዘጋ ይላል። ሰውየው ከፍቶት ይሠራል፤ የተከፈተ ዚፕ ደግሞ ለብየዳ ፍንጣሪ ክፍት በር ነው። ስለዚህ ደንበኞቼን ለልኬት ወፍራሙን ሹራባችሁን ለብሳችሁ ኑ እላቸዋለሁ።

የልብሱ ሰፊነት ወደ አደጋ የሚዞረው የሚሽከረከር ማሽን ባለበት ቤት ነው። ግራይንደርና ድሪል የተንጠለጠለ እጅጌ ከያዙ ክንዱንም አብረው ነው የሚስቡት። ለእንጨት ሠራተኛና ለብረታ ብረት ሠራተኛ አንጓው ላይ ጠበቅ ብሎ በቁልፍ የሚዘጋ እጅጌ እሰፋለሁ። የበያጅ ሱሪ ጫፉ ወደ ውጭ መታጠፍ የለበትም፤ ፍንጣሪው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ዋጋው ቢረክስም እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ይከስላል እንጂ አይቀልጥም።

ልክ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን የውሃ ጠላቂ ልብስ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አሉት። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ፣ ድንጋይና አፈር ወጥቶበት የተተወ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ልጆች ሊዋኙ ገብተው ሲቀሩ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ቤተሰብ ዳር ቆሞ እያለቀሰ እነሱ የታችኛው የማይታይበት ድፍርስ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ የተሠራ ልብስ በዓለም ላይ አለ፤ ድራይሱት ይባላል። ስለ አሠራሩ ያነበብኩት ሁሉ ከመቀሴና ከሜትሬ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘሁት እዚህ ላይ ልቆይበት።

ድራይሱት ከሌላው የጠላቂ ልብስ የሚለየው ውሃ ጨርሶ ወደ ሰውነት ባለማስገባቱ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ የቆሸሸ ወንዝ ውስጥ ለሚገባ ሰው ደግሞ ቆዳውን የሚነካው ነገር ከብርዱም በላይ ያሳስባል። ልብሱ ውሃ በማያሳልፍ ዚፕ ይዘጋል፤ አንገትና አንጓ ላይ በስስ ጎማ ይታሸጋል። ብርዱን የሚከላከለው በዋናነት ከሥሩ የሚለበሰው ወፍራም ልብስ ነው። ደረቱ ላይ አየር ማስገቢያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግራ ክንዱ ላይ ደግሞ አየር ማስወጫ አለው።

ጠባብ ከሆነ ከሥሩ የሚለበሰው አይገባም፤ ጠላቂውም እጁን ወደ ኋላ መልሶ ጀርባው ላይ ያለውን የሲሊንደር መክፈቻ መንካት ያቅተዋል። ሰፊ ከሆነ ትርፉ ቦታ አየር ይይዛል። ጠላቂው ጭንቅላቱን ወደ ታች ባደረገ ጊዜ አየሩ ወደ እግሩ ይሮጣል፤ ማስወጫው ክንድ ላይ ስለሆነ መውጫ ያጣል፤ ሰውየው ሳይፈልግ በእግሩ በኩል ወደ ላይ ይተኮሳል። ለጠላቂ በፍጥነት መውጣት ከመስጠም የማይተናነስ አደጋ ነው፤ በግፊት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆንበታል። እኛ ከተማ ላይ ጉዳዩ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ባሕር ላይ 10 ሜትር ወርዶ እጥፍ የሚሆነው ግፊት እዚህ 8 ሜትር ሳይሞላ እጥፍ ይሆናል። ግፊቱ ልብሱ ውስጥ ያለውን አየር ሲጨምቀው ጨርቁ ሰውነት ላይ ይጣበቃል፤ የተጨማደደ ትርፍ ካለ ቆዳ መሃሉ ገብቶ ይቆነጠጣል።

እኔን እንደ ሰፊ ከሁሉ የሳበኝ አንገቱ ነው። የጎማው አንገትጌ አዲስ ሲሆን ለብዙ ሰው ይጠብባል፤ ስለዚህ በስለታም መቀስ ዙሪያውን በቀጭን በቀጭኑ እየተቆረጠ ለባለቤቱ አንገት ይስተካከላል። በአንዴ ብዙ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም፤ ውሃ ያስገባል። ካልተቆረጠ ደግሞ በአንገት ጎንና ጎን ያሉትን የደም ሥሮች ይጫናል፤ የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። አንጓ ላይም እንዲሁ ነው። ቀጠን ያለ ሰው ጡጫውን ሲጨብጥ ጅማቱ ይነሳና ከጎኑ ትንሽ ቦይ ይፈጠራል፤ ውሃው ቦዩን ተከትሎ ይገባል። እጁን ዘና አድርጎ ዘርግቶ የተለካ ሰው ላይ ይህ ቦይ አይታይም።

ጠላቂዎች ሲገዙ የሚያደርጉት ፍተሻ ዓለም ባንክ ላይ ከማደርገው ብዙም አይርቅም። ከሥር የሚለበሰውን ወፍራም ልብስ ለብሰው ድራይሱቱን ይደርቡና ዚፑን ይዘጋሉ። ቁጢጥ ብለው አንገትጌውን በጣት ከፈት አድርገው ውስጡ ያለውን አየር ያስወጣሉ። ከዚያ ይንበረከካሉ፣ ሁለቱን ክንድ ደረት ላይ ያጣምራሉ፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አሳልፈው ወደ ጀርባ ይሰዳሉ፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ያወጣሉ። አንድ ቦታ ከሳበ ጠቧል። አየሩ ወጥቶም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ከተንዘረፈፈ ሰፍቷል። እግር ጫማው ውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ልብሱ አየር ሲሞላ ጫማው ይወልቃል።

በጀትና ቴክኖሎጂ ስላለ ብቻ ልክ አይገኝም። አን ማክሌይንና ክርስቲና ኮክ የተባሉ ሁለት የናሳ ጠፈርተኞች መጋቢት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አብረው ወጥተው ሊሠሩ ነበር። ቢሳካ ሴቶች ብቻ የወጡበት የመጀመሪያው ሥራ ይሆን ነበር። ማክሌይን በመካከለኛውም በትልቁም ልክ ሠልጥናለች፤ ከሳምንት በፊት መካከለኛውን ለብሳ ወጥታ ግን የሚሻላት እሱ መሆኑን አወቀች። በቀኑ ሊደርስ የሚችለው መካከለኛ የደረት ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር ፕሮግራሙ ተቀየረ። ታሪካዊው ሥራ የተፈጸመው ጥቅምት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮክና በጄሲካ ሚር ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው ቀን አለፈ፤ ማክሌይን ግን ባልሆናት ልብስ አልወጣችም። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ግንባታ ላይ አሸዋ የምታቀብለዋ እህታችን ይህን የመሰለ ውሳኔ አይደርሳትም። የሚሰጣት ለወንድ የተቆረጠ ቱታ ነው፤ ትከሻው ይወርዳል፣ ዳሌው ይጠብባል፣ እጅጌው እስከ ጣቷ ይደርሳል። አንዲት እናት ስካፎልዲንግ ላይ ስትወጣ የምትረግጠው የራሷን ሱሪ ጫፍ ነበር። በእጄ ቆርጬ አጥፌ ሰፋሁላት፤ ጠባብ የሆነውን ዳሌ ግን ካለቀ ልብስ ላይ የማሰፋበት ጨርቅ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያስገድዳል። በተግባር ግን ግዥው የሚታዘዘው ትልቅ ይህን ያህል፣ መካከለኛ ይህን ያህል እየተባለ በግምት ነው። ልብሱ ይመጣል፣ ይታደላል፣ ሠራተኛው ይፈርማል። የሆነው ይለብሰዋል፤ ያልሆነው እጅጌውን ይጠቀልላል፣ ወገቡን በገመድ ያስራል፣ ወይም ቤቱ ሰቅሎት በራሱ ልብስ ይሠራል። ብሩ ወጥቷል፤ ሰውየው ግን አልተከለለም።

ግዥ የምትፈርሙ ሰዎች፣ ከትእዛዙ በፊት የሠራተኞቻችሁን ስም ዝርዝር አውጡና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ልኩን አስመዝግቡ፤ የሴቶቹን ለብቻ፣ በሴት ልኬት። ሰፊውን ወይም አቅራቢውን ሥራው ወዳለበት ቦታ ጥሩት፤ ሠራተኛው ቢሮ ድረስ መጥቶ ተሰልፎ አይለካ። ናሙናውን አንድ ሰው ሙሉ ቀን ሠርቶበት ሳታዩ ቀሪውን አታስቆርጡ። አንድ ሰው በደንብ ለክቶ ለመመዝገብ አምስት ደቂቃ ይበቃል።