ቃጫ የሌለው የቦቦ ጭምብል

የቦቦ ሕዝብ የሚኖረው በምዕራብ ቡርኪና ፋሶ፣ በቦቦ ዲዮላሶ ዙሪያና ድንበር ተሻግሮ በማሊ ነው። ኑሮው እርሻ ነው። የጎሽ፣ የድኩላ፣ የከርከሮና የአውራ ዶሮ መልክ ያላቸውን የእንጨት ጭምብሎች የሚጠርቡት ብረት ቀጥቃጮቹ ናቸው።

እነዚህን ጭምብሎች በሙዚየም ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው የእንጨቱን ራስ ብቻ ነው። የእንጨቱን የታችኛውን ጠርዝ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ዙሪያውን ተበስቷል። አንድ አስጎብኚ ቀዳዳዎቹን «አየር ማስገቢያ ናቸው» ብሎ ሲያስረዳ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቃጫ የሚታሰርባቸው ናቸው! ቀለም የተነከረው ቃጫ ከአንገት እስከ እግር ወርዶ የለባሹን ገላ ይሸፍናል፤ ሰውየው ሲሽከረከር ቃጫውም አብሮት ይሽከረከራል። ሰብሳቢዎች ግን እንጨቱን ወስደው ቃጫውን ብዙ ጊዜ ጥለውታል። ለምስጥና ለብል የተጋለጠ፣ ቦታም የሚፈጅ ስለሆነ ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን በቂ ምክንያት አልለውም።

ምክንያቱም በቦቦዎች ዘንድ እንጨቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፈጣሪው ዉሮ ዓለምን ሠርቶ ሲርቅ ልጁን ድዎን ለሰዎች ተወላቸው ይላሉ። ድዎ መጀመሪያ የተገለጠው ከራስ እስከ እግር ቅጠል በቅጠል በሆነ ጭምብል ነው። ገበሬ መሬት ሲመነጥርና ሲያርስ ከዱሩ ጋር ያለው ሚዛን ይናጋል፤ ያን የሚያቃናው የቅጠሉ ጭምብል ነው። የቃጫና የእንጨት ጭምብሎች የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሕዝብ መካከል ረጅም ጊዜ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ጊ ለ ሞዋል በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ይተነትናል። ስለ እንጨቱ ውበት ብቻ የሚጽፉ ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ገዢዎችም ተጠንቀቁ። በገበያ «ቦቦ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ክንፉ ከ1 ሜትር በላይ የሚዘረጋው የቢራቢሮ ጭምብል የጎረቤቶቻቸው የቡዋዎች ነው። ቡዋዎች ቋንቋቸውም ሌላ ነው። ያን ሁሉ ስፋት ጨፋሪው የሚቆጣጠረው ከጭምብሉ ጀርባ የታሰረ ወፍራም ገመድ በጥርሱ ነክሶ ነው። ቡዋዎች በየዓመቱ ጭምብሉን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ነቀዙ ይሞታል፣ ቀዩና ነጩ ቀለም ይታጠባል፣ ከተቀቀለ የግራር ፍሬ የተሠራው ጥቁር ግን ይቀራል። ከዚያ እንደገና ይቀባል።

ጭምብሎች ከነቃጫቸው ሲጨፍሩ ለማየት ለሚሻ በቡርኪና ፋሶዋ ዴዱጉ ከተማ በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፌስቲማ የተሰኘ የጭምብል ፌስቲቫል አለ። ከክፍለ አህጉሩ ብዙ ማኅበረሰቦች ጭምብሎቻቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚያ ነው።