የጋራዡ በር እንደ ምጣድ ሲግል

ጋራዥ የሚለውን ቃል ሲያነቡ ምናልባት መካኒኮች ቱታ ለብሰው ሞተር የሚያወርዱበት ግቢ በዐይነ ኅሊናዎ ይታይዎት ይሆናል። ዛሬ የምናነሣው ግን እርሱን አይደለም፤ በግቢው መግቢያ አጠገብ ለባለቤቱ መኪና ማደሪያ ተብሎ የተሠራውን፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ መኪና የማያድርበትን ክፍል ነው። ባለቤቱ መኪና ባይኖረው ጋራዡ ሱቅ ይሆናል፤ ልብስ ሰፊ ይገባበታል፤ የፎቶ ኮፒ መኪና ይተከልበታል። አንዳንዴም ገና ሥራ የያዘ ወጣት ጸሓፊ ወይም ከሌላ ከተማ ለትምህርት የመጣ ተማሪ አልጋውንና ጠረጴዛውን አስገብቶ ይኖርበታል። ኪራዩ ቀለል ይላል፤ በሩም ሰፊ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ከሰፊው በር ነው።

በደጋ ከተማ እንዲህ ያለው ክፍል ቢበርድ እንጂ በሙቀት አያስቸግርም። በቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሬዳዋን እንውሰድ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይህም የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያኽል ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ልብ ይበሉ፤ 35 ዲግሪ የተባለው በጥላ ሥር ያለው አየር ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የመታው፣ ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ላሜራ ግን 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊግል ይችላል። ለፈተና የሚያጠና ሰው በእንዲህ ያለ በር አጠገብ ተቀምጦ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ቢያነብና ምንም ባይያዝለት ስንፍና ነው ልንለው አንችልም። ሌሊቱንም በቂ እንቅልፍ ያጣል። በካርቶኑ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ የተጻፈበት መድኃኒት በዚያው ክፍል ካለ ደግሞ ነገሩ ከመጨናነቅ ያልፋል።

ለመሆኑ በሩ ይህን ያኽል ሙቀት እንዴት ያስገባል? ሙቀት በሦስት መንገድ እንደሚጓዝ በትምህርት ቤት የተማሩትን ያስታውሱ፤ በመነካካት፣ በአየር መንቀሳቀስና በጨረር ነው። የበሩ ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ነው። ብረት ደግሞ ሙቀትን ሳያስቸግር የሚያሳልፍ ነገር በመሆኑ በውጭ ያለው ፊቱ 60 ዲግሪ ሲሞቅ የውስጡም ፊቱ ያንኑ ያኽል ይሞቃል። ከዚህ በኋላ በሩ ራሱ ምድጃ ሆነ ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው ምጣዱን ሳይነካ ፊቱን እንደሚለበልበው ሁሉ፣ የጋለው ላሜራም አየሩን አልፎ በቀጥታ ወደ ሰውነትዎ ጨረሩን ይልካል። ቬንትሌተር አስነሥተው እንኳ እፎይ የማይሉት ስለዚህ ነው፤ ቬንትሌተር አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ ጨረርን አይመልስም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሩ 2 ሜትር ተኩል ስፋትና 2 ሜትር ቁመት አለው እንበል፤ 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ላሜራው 60 ዲግሪ፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ቢሆን እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ ውስጥ የሚለቀው ሙቀት ከ200 ዋት ይበልጣል፤ ከዚህም የሚበዛው በጨረር የሚመጣው ነው። በጠቅላላው ከ1,000 ዋት በላይ መሆኑ ነው። አንድ የልብስ ካውያ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሰክተው አልጋዎ አጠገብ ቢያስቀምጡ ይህንኑ ያኽል ሙቀት ያገኛሉ። አሁን ደግሞ በዚያው በር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም ቢለጠፍ የሚገባው ሙቀት ወደ 100 ዋት ገደማ ይወርዳል። ይህም ዝም ብለው ተቀምጠው ሲያነቡ ከራስዎ ሰውነት ከሚወጣው ሙቀት ብዙ የማይርቅ ነው።

ነገር ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጥፋተኛው በእርግጥ በሩ መሆኑን ይወቁ። መመርመሪያው መዳፍዎ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከበሩ አንድ ስንዝር ርቀው መዳፍዎን ያቅርቡ፤ ቀጥለው ወደ ግድግዳው፣ ከዚያም ወንበር ላይ ቆመው ወደ ጣራው ያቅርቡ። የበለጠ የሚያቃጥለው የቱ ነው? ጋራዡ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ካለው መልሱ ምናልባት ጣራው ይሆናል፤ ስፋቱ የበሩን ሦስት እጥፍ ያኽላልና። እንዲህ ከሆነ በበሩ መድከም ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ። አባቶቻችን የሣር ክዳን ቤት ትተው ቆርቆሮ ሲያለብሱ ከጣራው ሥር አቡጀዲ ይወጥሩ የነበረው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በቆርቆሮውና በጨርቁ መካከል የቀረው አየር ሙቀቱን ያዘገይ ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ሲወጠር የሚታየውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። የሐረር ሰዎች በድንጋይ የሠሯቸው ወፋፍራም ግድግዳዎችም የቀኑን ሙቀት ውጠው የሚያቆዩ ናቸው። ሙቀትን መከላከል ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ነው የሚል ሰው ቢኖር የሀገሩን ቤት ልብ ብሎ አላየም።

የበሩም አቅጣጫ መታየት አለበት። በኛ ምድር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጧት በምሥራቅ፣ ማታ በምዕራብ ያለውን ግድግዳ ትመታለች። ወደ ሰሜን የሚያይ በር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ባዘነበለች ጊዜ፣ ድርሻውን ያገኛል፤ ወደ ደቡብ የሚያየው በቀሩት ወራት። ከሁሉም የሚከፋው የምዕራቡ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ አየሩ ራሱ በጋለበት ሰዓት፣ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በሩን ፊት ለፊት ታገኘዋለች።

ከውጭ መጀመር

ሙቀት ከገባ በኋላ ከማባረር ይልቅ ሳይገባ መመለስ ይቀላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጥላ ይፈልጉለት። ከበሩ አንድ ክንድ ያኽል ርቆ የተወጠረ ሸራ ወይም ምንጣፍ ፀሐይዋን እዚያው ያስቀራታል፤ በሸራውና በላሜራው መካከልም አየር ይመላለሳል። በበሩ ላይ የተለጠፈ ሸራ ግን ይህን ያኽል አይጠቅምም፤ እርሱው ሞቆ ሙቀቱን ለላሜራው ያቀብላልና።

ቀጥሎ ቀለም ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል፤ ንጹሕ ነጭ ቀለም ግን ከአራት እጅ ሦስቱን ያኽል ይመልሳል። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አንቲረስት ቀብተው፣ ሲደርቅ ነጭ የዘይት ቀለም ይደርቡበታል። አከራይዎን አስቀድመው ማነጋገር እንዳይረሱ፤ ባለቤቱ ራሱ ቀለሙን ሊገዛ ይችላል፤ በሩ የእርሱ ነውና። ነጩ በር አቧራ ሲጠጣ ጥቅሙ ስለሚቀንስ አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ መታጠብ ይኖርበታል።

የውስጡ ሥራ

ነጩን ፎም ያውቁታል፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን ደግፎ የሚመጣው፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ቀላል ነገር ነው። ብረት ከእርሱ ይልቅ ሙቀትን ከ1,000 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። ምሥጢሩ በውስጡ የታሰረው አየር ነው፤ ፎሙ ለአየሩ እስር ቤት ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

በሀገራችን በያጆች የሚሠሩት በሮች ብዙውን ጊዜ በቱቦላሬ ክፈፍ ላይ ላሜራ የተበየደባቸው ናቸው። በቱቦላሬዎቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ለፎሙ የተዘጋጀ ሣጥን ይመስላል። እያንዳንዱን ለክተው፣ ፎሙን በተሳለ ቢላዋ ጥቂት አጥብቀው ቢቈርጡ ያለብዙ ማጣበቂያ ይቀመጣል። ማጣበቂያ ካስፈለገ ማስቲሽ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፎሙን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። የእንጨት ሠራተኞች ነጩ ኮላ አይጎዳውም፤ እርሱም ቢሆን በቁራጭ ላይ ቢሞከር ይሻላል።

የወጥ ቤቱን አሉሚኒየም ፎይል የሚያክሉበትም አሉ። አሳባቸው መልካም ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከሚደርስበት የሙቀት ጨረር ከመቶ 90 በላይ ይመልሳል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ከፊቱ ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው። ከላሜራው ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በመነካካት ያልፍና ፎይሉ ተራ ብረት ይሆናል። ስለዚህ ፎይሉን በፎሙ ፊት ላይ ለጥፈው፣ የሚያብረቀርቀውን ወገን ወደ ላሜራው አዙረው፣ በመካከሉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያኽል ክፍተት ይተዉ።

ሥራው እዚህ ላይ አለቀ ብሎ ፎሙን ገልጦ መተው አደገኛ ነው። ፎም በእሳት ይቀጣጠላል፤ ጭሱም ጥቁርና መርዛም ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚበራበት ክፍል መሆኑን አይርሱ። በላዩ ቀጭን ችፑድ ይምታበት፤ ይህም የቱቦላሬውን ብረት ስለሚሸፍን በእርሱ በኩል የሚያልፈውን ሙቀት ይቀንሳል። 5 ካሬ ሜትሩ ፎም በሙሉ ከአራት ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ ችፑዱ ግን ስለሚከብድ ማጠፊያዎቹ የላሉ እንደ ሆነ አስቀድመው ያስጠግኑ። ብየዳ ካለ ፎሙ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

ወደ ላይ የሚጠቀለለው የሱቅ በር ይህን ሁሉ አይቀበልም፤ ለእርሱ የውጭው ጥላና ከውስጥ የሚንጠለጠል ወፍራም መጋረጃ ይበቃዋል። በላስ ቬጋስ ወይም በሌላ ሞቃት የአሜሪካ ከተማ ያለ ዘመድዎ ጋራዡን ፎም ሊያለብስ ቢያስብ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩት። የዚያ አገር በር በብዛት የሚነሣው የበሩን ክብደት ተመጥኖ በተጠመዘዘ ሞላ ነው፤ ክብደት ሲጨመርበት ሚዛኑ ይናጋል። ሞላውም በከፍተኛ ኀይል የተወጠረ ስለሆነ ባለሞያ እንጂ ሌላ ሰው ሊነካው አይገባም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። የበሩን ዳርና ዳር በጎማ ሲዘጉ ትኩሱ አየርና አቧራው ይቀራል፤ ክፍሉ የሚተነፍስበትም ቀዳዳ አብሮ ይቀራል። በቀድሞው ወናፍ በር ከሰል ይዘው ቡና ቢያፈሉ ነፋሱ ያድንዎት ነበር። በተደፈነው በር ግን ያው ከሰል ሊገድል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ጠፍቷል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ጋዙ ከቀይ ፍምም ይወጣልና። ስለዚህ ከሰል ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት የሚያድርበት ከሆነም ሞተሩ በሩ ተዘግቶ አይነሣ፤ ቤንዚንም በአንድ ክፍል ከሰው ጋር አያድር።

ለመተንፈሻ አንዱ ቀዳዳ ከጣራው ሥር፣ ሌላው ከወለሉ ከፍ ብሎ በትይዩው ግድግዳ ቢከፈት ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው በታች ይተካዋል። በሁለቱም ላይ የወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት ሽቦ ይመታ። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የተገኘችው ትንኝም በከተማ መካከል በውሃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ ዓይነት ናት። በርሜልዎን ይክደኑ።

ፎም የለበሰ በር ሙቀት እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ የገባውም እንዳይወጣ ይከለክላል። የአምፖሉ፣ የኮምፒውተሩ፣ የእርስዎም ሙቀት እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ፀሐይ ጠልቃ የውጭው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱት፤ ጧት ፀሐይ ሳትበረታ ይዝጉት። የደከሙበት ሥራ ምን ያኽል እንደ ረዳዎት ማወቅ ከፈለጉ ከሥራው በፊት ለሦስት ቀን፣ ከሥራውም በኋላ ለሦስት ቀን፣ ዘወትር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የውስጡንና የውጭውን ሙቀት በደብተር ይጻፉ። ቴርሞሜትሩን ግን በበሩ ላይ አይስቀሉት፤ በክፍሉ መካከል፣ በተቀመጠ ሰው ራስ ትክክል፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይንጠልጠል።